ዘጠነኛው ደመና

እኩለ ቀን ነበር፣ ሐይቁ እንደ ትሪ ተዘርግቶ፣
ጉማሬው ብቅ አለ፣ ሁለት ጆሮውን ብቻ አውጥቶ።
እንግዳዬ ጀልባዋ ውስጥ ብድግ አለ፤ ሳቀ፤
«ኦቨር ዘ ሙን!» አለኝ፣ እጄን እየነቀነቀ።
ቀና ብዬ አየሁ ሰማዩን። ጨረቃ የለችም።
በቀትር ምን ትሠራ? እሷም አላበደችም።
ፀሐይ መታው ብዬ ውሃ አቀበልኩት፣
ባርኔጣዬን አውልቄ አናቱ ላይ ደፋሁት።

ማታ ለጓደኛዬ ለዳንጉራ ስነግረው፣
ከሳቁ ብዛት የጀልባውን ገመድ ከእጁ ጣለው።
«ደስ ብሎኛል ማለቱ ነው፣ የኔ ጌታ!
ተማር እንጂ፤ ትምህርት ቤት አለ ማታ።»

እናም ተማሪ ሆንኩ በአርባ ሰባት ዓመቴ፣
ደብተሬ በፌስታል፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ጃኬቴ።
ከታቦር ሥር፣ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ አምፖል፣
ግድግዳው ላይ ጎኑ የተቀደደ የሰው አካል ሥዕል።
መምህራችን እታገኝ፣ ቀን ባንክ ትሠራለች፣
ጠመኔዋን ለሁለት ሰብራ፣ «ዛሬ» አለች፣
«ፈረንጅ ሲደሰት የሚለውን እንማራለን።»
ሃያ ሦስት ነን። ደክሞናል። ዝም አልን።

ጻፈች፤ ገለበጥን። በአየር ላይ መራመድ።
ከጨረቃ በላይ (እሷንስ አውቃታለሁ) መንጎድ።
በኩርኮራ ሮዝ መምሰል ከግንባር እስከ አንገት፣
ዘጠነኛው ደመና ላይ ወጥቶ ፊጥ ማለት።

ባለ ባጃጁ ቶማ እጁን አነሳና፣
«ቲቸር፣ ማን ቆጠራቸው? ለምን ዘጠነኛ ደመና?
ስምንተኛው ላይ ያለ ሰው አዝኖ ነው የሚውለው?»
«ታሪፉ ይለያያል» አለ አንዱ፤ ክፍሉን ሳቅ ጣለው።

እሷም ሳቀች። «የኛስ? የኛ ቃልስ?» አለች፣
«እኛ ደስ ሲለን ምን እንላለን?» ጠመኔዋን ዘረጋች።
ያኔ ጉድ ፈላ። አምፖሉ ራሱ የሞቀ መሰለኝ።
«አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!» «ሰርግና ምላሽ ሆነልኝ!»
«ጥርሴ አልከደን አለ!» «ክንፍ አወጣሁ፣ ሰማይ ጠበበኝ!»
«ጮቤ ረገጥኩ!» አለ ቶማ፣ ጠረጴዛውን መትቶ።
«ቆይ፣ ጮቤ ምንድን ነው?» አለች። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ።
ሣር ይሁን፣ ጭቃ ይሁን፣ የሩቅ አገር አፈር፣
ሁላችን ረግጠነዋል፤ ማንም አላየውም ነበር።
በፈረንጁ ደመና ስንስቅ ቆይተን፣
ጮቤያችን ላይ ስንደርስ አፋችንን ያዝን።

«አንዱን ምረጡ፤ ከኑሯችሁ እውነት ጻፉ»
አለች። እስክሪብቶዎች አየር ላይ ተንሳፈፉ።

ኤልፍነሽ ተነሳች፣ የፓርኩ እጅጌ ሰፊዋ፣
ፕላስተር የማይለየው አመልካች ጣትዋ።
በእንግሊዝኛ አነበበች፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣
ድምጿ በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ክር ይቀጥናል።
«ማክሰኞ ሌሊት ዘጠነኛው ደመና ላይ ነበርኩ።»
«ለምን?» «ዘነበ። ነቅቼ ጠበቅኩ።
ቆርቆሮ አስቀይሬ ነበር፣ በሦስት ወር ቁጠባ።
እስኪነጋ ዘነበ። አንዲት ጠብታ አልገባ።»

ሰዋስዉ ስህተት ነበረው። እታገኝ አላረመችም።
ጠመኔዋን አየችው፤ ምንም አልጻፈችም።

የኔ ገጽ ባዶውን ቀረ። ምን ልበል? ሚስቴ ደህና ናት፣
ሞተሩ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆመ በዚህ ሳምንት፤
ይሄ ስንተኛ ደመና ነው? አራተኛ? አምስተኛ?
ወይስ መሬት ነው፣ ሰው ጠግቦ የሚተኛ?

ጀልባዋ ፍቅር ሐይቅ ቀርታ፣ በዚያው ላመጣት ሄድኩ፤
ሞተሩን ትቼ በመቅዘፊያ ቀዘፍኩ።
አባ ኮዳዎች ዛፉ ላይ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኞች አቀርቅረው፤
ውሃው ላይ ነጭ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ቀርቤ ሳየው
ጨረቃ ናት። ወድቃ፣ ከሸንበቆው ሥር፣
እኔና ጀልባዬ በላይዋ ስንሻገር።
ከጨረቃ በላይ! ቃል በቃል፣ ያለ ትርጉም፤
ሃያ ዓመት ሄጄባታለሁ፣ ስሙን ግን አላውቅም።
ደስ ብሎኝ ነበር ወይ? እንጃ። መቅዘፊያዬን አነሳሁ፣
እንዳልሰብራት ብዬ እዚያው ቆየሁ።

ከዳር የዳንጉራ ባትሪ በራ። «የት ነህ፣ አንተ ሰው?»
«ኦቨር ዘ ሙን!» ብዬ ጮኽኩ፣ እንዲሰማው።
ዝም አለ፣ ሐይቁ ድምፄን መልሶ እስኪያመጣ፤
ከዚያ ከጨለማው፦ «በል ቶሎ ና፤ ውሃ ጠጣ!»